ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እናቱን ወይም አባቱን ሊያስመጣ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ 12 ሰዓት ተኩል ይለዋል። ትኬቱን ሲያይ ደግሞ 17 ሰዓት ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። የቱን ይመን? እኔም እናቴን ወደ ሜሪላንድ ያመጣሁ ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጓደኛው ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እዚህ ጻፍኳቸው።

ርቀቱ ስንት ነው?

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት በአየር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማይል 7,180 ገደማ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንን መንገድ 35 ጊዜ እንደመብረር ቁጠሩት።

በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሄዱ፣ መሃል ላይ የሚያርፍበትን ጨምሮ፣ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ግን በቀጥታ ስለሚበር ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ነው።

ኢንተርኔቱ የሚናገረው የመመለሻውን ነው። ርቀቱን አንድ አውሮፕላን በሰዓት ለሚበረው 900 ኪሎ ሜትር ስታካፍሉት 12.8 ይመጣል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የመሄጃውን መንገድ ግን አይነግራችሁም።

ሲሄድ ለምን መሃል ላይ ያርፋል?

ነዳጅ ለመቅዳት ነው። ምክንያቱ ያለው እዚያው ቦሌ ነው።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ እንጦጦ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚህ ነው። አውሮፕላኑም የሚቸገረው በዚሁ ነው። ክንፉ የሚሸከመው አየሩን ተደግፎ ነው። ሞተሩም አየር ስቦ ነው የሚገፋው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ስለዚህ ከመሬት ለመላቀቅ ረጅም ርቀት በከፍተኛ ፍጥነት መንደርደር አለበት። መንደርደሪያው ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ያልቃል፤ ጎማውም የሚችለው ፍጥነት ልክ አለው።

ያኔ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል። የሚቀነሰው ከሦስት አንዱ ነው፦ ሰው፣ ዕቃ ወይም ነዳጅ። ሰውና ሻንጣ ቤት አይቀርም። በተለይ የእኛ ሰው ሻንጣ! በዚህ መስመር ለኢኮኖሚ መንገደኛ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ፤ ሁለቱንም አንድ ኪሎ እንኳ ሳያጎድል የሚሞላ ሕዝብ ነን። እና የሚቀነሰው ነዳጅ ይሆናል። ከቦሌ የሚበቃውን ያህል ነዳጅ ይዞ ይነሳል፣ ዝቅ ያለ አገር ያርፋል፣ ቀሪውን እዚያ ይቀዳል። የማታው ቅዝቃዜ ትንሽ ያግዘዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይወፍራልና።

ዳለስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሳል። ለዚህ ነው መመለሻው ቀጥታ የሚሆነው። ቢሾፍቱ አጠገብ የታሰበው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ጥቅሙ ይሄንን ችግር ማቃለሉ ነው።

የሚያርፈው የት ነው?

እንደ ጊዜው ይለያያል። አየር መንገዱ ወደ ዋሽንግተን መብረር ከጀመረበት ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊንና የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ማረፊያ ሆነዋል። ትኬት ስትቆርጡ የዚያን ጊዜውን እዩ፤ ምክንያቱም ሦስቱ እኩል አይደሉም። ሮም መንገዱን የሚያረዝመው በ150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደብሊን 270 ያህል ይጨምራል። ሎሜ ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ያ ከአንድ ሰዓት በላይ በረራ ነው።

አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ይቆማል። ለዋሽንግተን መንገደኛ ብዙ ጊዜ ከአውሮፕላን መውረድ የለም፤ መቀመጫው ላይ እንዳለ ይቆያል። ነዳጅ ይቀዳል፣ ጽዳት ይገባል፣ የበረራ ሠራተኞች ይቀየራሉ።

ይሄንን ለወላጅ አስቀድሞ መንገር በጣም ያስፈልጋል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ስትመጣ አልነገርኳትም ነበር። አውሮፕላኑ ደብሊን ሲያርፍ መብራቱ በራ። እሷም ነጠላዋን አጣፋች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ የፓስፖርቷን ፌስታል በእጇ ይዛ ቆመች። አጠገቧ የነበረች ልጅ "እማማ፣ ገና ነን እኮ፤ ነዳጅ ሊቀዳ ነው" ብላ አስቀመጠቻት። ቀሪውን ሰባትና ስምንት ሰዓት "እንዳያልፈኝ" እያለች እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነው የመጣችው። ቤት ገብታ ቡናዋን ከጠጣች በኋላ "አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

መመለሻው የሚያጥረው ስለማያርፍ ብቻ ነው?

አይደለም፤ ነፋሱም አለ። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል። ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ነፋሱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ይበረታል። ያን ጊዜ መሄጃው ሊረዝም፣ መመለሻው ደግሞ ከተባለው ቀደም ብሎ ሊደርስ ይችላል።

ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን ሲሄድ ያሳያል። ለምን ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ አይሄድም?

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካርታ ስለሚያታልለን ነው። ምድር ክብ ናት። የልጆች ሉል ካላችሁ አንድ ክር ውሰዱ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጉና ወጥሩት። ክሩ አፍሪካን በመካከሏ አቋርጦ ወደ ምዕራብ አይሄድም። በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ይገባል። ውቅያኖሱ መሃል ላይ ከራሷ ከዋሽንግተንም በላይ ወደ ሰሜን ይወጣል። አጭሩ መንገድ ያ ነው። ሮምና ደብሊን "ከመንገድ ውጭ" መስለው ብዙም ሩቅ የማይሆኑት ለዚህ ነው።

እርግጥ እውነተኛው በረራ ክሩን አይከተልም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ ሰማዩ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ፤ አውሮፕላኖችም ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመሩ። ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው ከነገራችሁ ሰዓት የእናንተው ግማሽ ሰዓት ቢለይ አትደነቁ።

በዱባይ ወይም በኢስታንቡል በኩል መምጣትስ?

ዋጋው ካዋጣ ይቻላል። ሰዓቱን ግን አስቡት። ዱባይ ለዋሽንግተን ተጓዥ ወደ ኋላ መሄድ ማለት ነው። ከዱባይ ዋሽንግተን 11,350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ካለው ርቀት ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። 2,500 ኪሎ ሜትር በርራችሁ ዱባይ ከደረሳችሁ በኋላ ዋሽንግተን ምንም ያህል አልቀረበችም ማለት ነው። ኢስታንቡል ይሻላል፤ ጠቅላላው ወደ 12,100 ኪሎ ሜትር ነው። ዋናውን ጊዜ የሚበላው ግን ኤርፖርት ላይ መጠበቁ ነው። በዚህ ዓይነት ትኬት ከቤት እስከ ቤት ከ20 ሰዓት በላይ መሄድ የተለመደ ነው።

ለወጣት ልዩነቱ ትንሽ ነው። እንግሊዝኛ ለማያነቡ፣ ጉልበታቸው ለደከመ እናትና አባት ግን አውሮፕላን የማይቀየርበትን እመርጣለሁ። ጥቂት መቶ ዶላር ቢጨምር እንኳ። ሰፊ ኤርፖርት ውስጥ በር እየፈለጉ መንከራተት ከመንገዱ ሁሉ ከባዱ ነው።

የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋል?

ከአውሮፕላን ሳይወርዱ ነዳጅ ብቻ ለሚቀዳበት አያስፈልግም። በፍራንክፈርት ወይም በሌላ የሸንገን (አንድ ቪዛ የሚጋሩ የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት አውሮፕላን የሚቀይር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ግን የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። ቪዛው ሊያልቅ የተቃረበ ሰው ለመመለሻው ጉዞ አየር መንገዱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

የሰዓት ልዩነቱ ስንት ነው?

ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት፤ አዲስ አበባ ትቀድማለች። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን ወደፊት ያደርጉታል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። በእኛ ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ መሆኑ ነው። በነዚህ ወራት ልዩነቱ ሰባት ነው፤ በቀሪው ጊዜ ስምንት።

አሁን በጣም የምወደውን ዘዴ ልንገራችሁ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ስለሚለይ፣ ልዩነቱ ሰባት በሚሆንበት ጊዜ የአዲስ አበባን ሰዓት ለማወቅ ዋሽንግተን ባለው ሰዓት ላይ አንድ ብቻ መደመር ነው። ዋሽንግተን ጠዋት 8 ከሆነ እናቴ ቤት ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ማታ 9 ከሆነ አዲስ አበባ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ስልክ አይደወልም። ልዩነቱ ስምንት በሚሆንበት ወቅት ደግሞ ሁለት ደምሩ። በቃ። ሰባት መቁጠር፣ ስድስት መቀነስ የለም። እናቴ ይሄንን ካወቀች ወዲህ ሥራ ላይ ስሆን ደውላብኝ አታውቅም።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር ነው?

በፈረንጁ ነው። ደግሞም መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ሁለቱን ቀንሳችሁ የበረራውን ርዝመት አታገኙም። ለምሳሌ ሰኞ 22:15 ተነስቶ ማክሰኞ 8:00 ይደርሳል ቢል አሥር ሰዓት እንኳ ያልሞላ ይመስላል። በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ማታ 4:15 መነሳቱ ነው። ዋሽንግተን 8:00 ሲሆን አዲስ አበባ ከሰዓት 9:00 ነው። ከማታ 4:15 እስከ ማግስቱ ከሰዓት 9:00 ስትቆጥሩ 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመጣል።

ከዚህ የባሰው አደጋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሱት በረራዎች ላይ ነው። ለፈረንጅ አዲሱ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ግን ሌሊቱ የዋለው ቀን ነው። ትኬት "ማክሰኞ 00:50" ሲል በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6:50 ማለት ነው፤ ሰኞ ማታ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ። አጎቴ ማክሰኞ ሲል ማክሰኞ ነው ብሎ፣ ማክሰኞ ማታ ቤተሰቡን አስከትሎ ቦሌ ሄደ። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነበር። የትኬት ማስቀየሪያው ገንዘብ ይቅር፤ ሽኝት ተደርጎ፣ ተለቅሶ፣ ተመርቆ ከወጣ በኋላ ሻንጣ ይዞ ቤት መመለሱ ነው ያንገበገበው።

እኔ አሁን ለማንም ትኬት ስልክ አንድ መስመር በአማርኛ ጽፌ አስከትላለሁ፦ "ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ቦሌ ትገቢያለሽ፣ 4:15 ትነሻለሽ፣ መሃል ላይ አንዴ ያርፋል፣ አትወርጂም።" ያቺን በወረቀት ገልብጠው ፓስፖርቱ ውስጥ ይክተቱላቸው።

ዳለስ ነው ዳላስ?

የዋሽንግተኑ ዳለስ ነው፤ ኮዱ አይ-ኤ-ዲ። ዳላስ ቴክሳስ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ በመካከላቸው 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በእኛ አፍ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ ትኬት በስልክ ስታስቆርጡ "ዋሽንግተን ዲሲ" ብላችሁ ተናገሩ። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ኮዱን በዓይናችሁ እዩት።

ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች 17 ሰዓት ይችሉታል?

ብዙዎቹ ይችሉታል፤ ዝግጅት ግን ይፈልጋል። ለረጅም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ ሲቀመጡ እግር ያብጣል፣ አንዳንዴም ደም ይረጋል። በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይረዳል። ችግሩ ወላጆቻችን ሰው ላለማስቸገር ብለው አይነሱም፤ ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብለውም ውኃ አይጠጡም። ስለዚህ መቀመጫ ስትመርጡ የመተላለፊያ ጠርዝ ያዙላቸው። መስኮት አያስፈልጋቸውም፤ መንገዱ አብዛኛው ሌሊት ነው። የልብ ሕመም፣ ቀደም ሲል የደም መርጋት ወይም የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ካለ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይሳፈሩ።

መድኃኒት በሙሉ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ኢንሱሊን በምንም ዓይነት በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ በረዶ ሊሆን፣ ሻንጣውም ሊዘገይ ይችላል። የሚወሰድበት ሰዓት ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሚንሸራተት እንዴት እንደሚስተካከል ከጉዞ በፊት ሐኪም ይንገራቸው።

ዊልቼር ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቡ። "እኔ ምን ሆኜ!" ይላሉ። እናቴም ብላለች። ግን ዊልቼሩ ለእግር ብቻ አይደለም። የሚገፋው ሰው መንገዱን ያውቃል፤ ከአውሮፕላን በር እስከ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ እስከ ሻንጣ ድረስ አብሯቸው ነው። በጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ የጾም ምግብ አስቀድማችሁ እዘዙላቸው።

በርበሬና ሽሮስ?

የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት ነገር በእጅ ሻንጣ ከያዙ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ማለፍ ካልቻለ እዚያው ይቀራል። የእናት በርበሬ ፍተሻ ላይ ሲቀር ማየት ያማል። ቋንጣና ማንኛውም ሥጋ ነክ ነገር ግን አይፈቀድም። ምግብ መያዛቸውን ፎርም ላይም ሆነ በቃል ይናገሩ፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ለመውጣት ስንት ሰዓት ይፈጃል? መቼ ልሂድ?

እኔ ባየሁት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ዳለስ ላይ ከውጭ አገር የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ፣ ትልቅ አውቶቡስ በሚመስል ተሽከርካሪ ነው ወደ ኢሚግሬሽን የሚወሰደው። ይሄንንም ንገሯቸው፤ "ደግሞ ወዴት ሊወስዱን ነው?" ብለው ይደነግጣሉ። ከዚያ ሰልፍ፣ አሻራ፣ ፎቶ፣ ጥያቄ፣ ሻንጣ አለ። የት እንደሚያርፉ ስለሚጠየቁ የቤታችሁ አድራሻና ስልክ በወረቀት ይኑራቸው። የእጅ ስልካቸው ባትሪ ያን ሰዓት አልቋል።

ኤርፖርቱ ከመሃል ዋሽንግተን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው ጠዋት የመኪና መጨናነቅ ካለ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መኪና ለሌለው ከኖቬምበር 2022 ወዲህ ሜትሮው እስከ ዳለስ ይደርሳል፤ አራት ከባድ ሻንጣ ይዞ ግን አይመከርም፤ ባለ መኪና ጓደኛ ለምኑ።

በረራው ማረፉን ስልካችሁ ላይ ተከታትላችሁ፣ ልክ ሲያርፍ እዚያ ድረሱ። ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ ምንም አይደል። እነሱ በሩ ሲከፈት ወጥተው የሚያውቁት ፊት ሲያጡ ግን ሌላ ነው። እናቴ በዊልቼር ስትወጣ ሕዝቡ መሃል ዓይኗ ሲንከራተት አየሁት። ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው "ከሳህ" ነው።